የፍሬገነት ትኬት

ፍሬ፣
ከሆልሴል እቃ ገዝተሽ ስትመለሺ ሱቁ ዝግ መሆኑ አያስደንግጥሽ። የመብራት ካርድ ሞልቻለሁ፣ ፍሪጁን እንዳታጠፊው።

እኔ መሃል ከተማ፣ ኒውታውን፣ ኮንሰርት ሄጃለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትገዛን አሮጊቷ ጎጎ ልጇ እዚያ ከበሮ ይመታል። ትኬት ያመጣችው ለሁለታችንም ነበር። እኔ ግን «ፍሬ ዘማሪ ናት፣ የዓለም ዘፈን አትሰማም» አልኳት።
ሳልጠይቅሽ።
ሱቅ የሚጠብቅ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። እሁድ እሁድ አንቺ ኳየር ስትሄጂ ማን እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ፤ እሱን ዛሬ አላነሳም።
ግን እቃ ስትደረድሪ የሬዲዮውን ዘፈን ስታንጎራጉሪ እሰማሻለሁ።

ትኬትሽን አልመለስኩላትም፤ ትራስሽ ስር ነው። ልጁ የሚጫወተው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ትደርሻለሽ። እቃውን አስገቢና ሱቁን ሳትከፍቺ ታክሲ ያዢ። ከተቆጣሽም እየተቆጣሽ ነይ።

ጎጎ ዛሬም ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። «ትመጣለች» አልኳት።
አደራ፣ ሁለቴ ውሸታም አታድርጊኝ።

አስካለች