የጓሮው ጎጆ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ
ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለበሪሁን ቦጋለ
አሰብ

የወደቡ ሙቀት ጤናህን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። አባትህም ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው፤ አፋቸውማ ከጉልበታቸው የሄደውን ብርታት ሁሉ ወርሶታል፣ ተመስገን ነው። ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረድብኝ፤ ሲሚንቶ ጣቶቼን ሰነጣጥቋቸው ብዕሩን በቅጡ መጨበጥ አቅቶኛል። አንቺና ሲሚንቶ የት ተገናኛችሁ ትል ይሆናል። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ከሥሩ ጀምሬ ነው የምነግርህ፣ አንተም ጫፉን ፍለጋ ወደታች እንዳትዘል።

ስትሄድ «ቤት እንዳገኘሁ ነይ እልሻለሁ» ብለኸኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው፣ እኔም ያቺን ቃል እየጠበቅኩ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሰዓደት በአጥሩ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር «ከወደብ ምን ተሰማ?» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። እናቴ ቤት እንዳልመለስ እናቴ የለችም፤ ወንድሜ ቤት እንዳልሄድ ሚስቱን ታውቃታለህ። ባለትዳር ነኝ እንዳልል ባሉ የለም፤ ፈት ነኝ እንዳልል ማን ፈታኝ? ሶማሌ ተራ ደርሼ ስመለስ እንኳ አባትህ በር ላይ ቆመው ነው የማገኛቸው። ተቆጥተው አይደለም፤ እኔ ከሌለሁ ውሃ የሚያቀብላቸው ስለሌለ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከሚቆጣ ሰው መኮብለል ቀላል ነው።

ከፋሲካ በኋላ ኸይረዲን መጣ፣ የአሰብ መንገዱ ሾፌር። ያንተን ሰላምታና አንድ ጆንያ ጨው አደረሰልን። ጨውን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ስገባ እሱና አባትህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ሻይ ይዤ ስመለስ ኸይረዲን ድንገት ስለ መንገዱ አቧራ ማውራት ጀመረ፣ ሻዩንም ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ሰውዬው ቸኩሏል ብዬ ዳቦ ቋጥሬ በር ድረስ ተከተልኩት።

በማግስቱ አባትህ «አልጋነሽ፣ ጓሮው ላይ ጎጆ እንሥራ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ዶማውና አካፋው ዝናብ እየመታቸው ዝገዋል፤ ባዶው ጆንያም ምድጃዬ አጠገብ ተቆልሎ የአይጥ መፈልፈያ ሆኗል። የዕቃ ማስቀመጫ ማለታቸው ነው ብዬ ከጌሾው ጀርባ ያለውን ጥግ አሳየኋቸው። «እዚያ ይጨልማል፣ ወደ ፀሐዩ ይሁን» አሉ። አካፋ ፀሐይ ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅኩም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ሠራተኛ እንጥራ ብላቸው «ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ወሬ ይበዛል፤ እኔ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ» አሉ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራ ያዝዛሉ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ እቆፍራለሁ። መጀመሪያ ችካል መትቼ ሲባጎ ወጠርኩ። ጎኖቹ ልክ ናቸው ብዬ ኮራ እንዳልኩ እትዬ ሰዓደት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ሳምቡሳ?» አሉኝ። ለካ ጎንና ጎን እኩል ሆኖም ቤት ሊጣመም ይችላል። አባትህ ሲባጎውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ አስለኩኝ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል እስኪመጡ ድረስ ችካል ስነቅልና ስተክል ዋልኩ።

ከዚያ ቁፋሮው መጣ። የጓሯችንን አፈር ታውቀዋለህ፣ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለዕቃ ማስቀመጫ እንጨት ተክለን ጭቃ ብንመርግ ምን አለበት ብላቸው «ዋልካ ላይ የቆመ እንጨት ክረምቱ ያነሣዋል፣ በጋው ይጥለዋል። ቀዩ አፈር እስኪገኝ ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ። ጭኔ ድረስ ገባሁ። እውነቱን ልንገርህና መቆፈሩን ወድጄው ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ያለን ሰው ባልሽ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለአንተም የምነግርህን አስብ ነበር፤ በሪሁን ሲሰማ ይስቃል፣ እኔ ስሄድ አባባ ቢያንስ ደረቅ ዕቃ ቤት ይኖራቸዋል እል ነበር።

ድንጋዩ በጋሪ መጣ። ትልልቁን ከሥር፣ መካከሉን በጠጠር፣ በየደረጃው ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ ከመሬት በላይ አወጣሁት። የመጨረሻውን ዙር ለመጨረስ ሲሚንቶ አብኩቼ ሁለት ድንጋይ እንዳስቀመጥኩ አባትህ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «የበሩን ቦታ ሰፋ አድርገሽ ተዪ፣ አልጋ ያልፍበታል» አሉኝ።

«የምን አልጋ?»

«የመኝታ ነዋ።»

«ዕቃ ቤት ውስጥ ማን ሊተኛ ነው?»

«ጎጆ አልኩሽ እንጂ ዕቃ ቤት መች አልኩሽ? ጎጆ የምትወጪበት ነው።»

ሳቅኩ። «እኔማ ጎጆ ወጥቻለሁ፣ አባባ። የልጅዎ ሚስት አይደለሁም እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም። መሬት መሬት እያዩ «ልጄ እዚያ ሌላ ጎጆ ወጥቷል» አሉ። «ኸይረዲን ቤታቸው ገብቶ ምሳ በልቷል። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት።»

በሪሁን፣ እዚያው ጥዬው ወጥቼ በእግሬ እስከ አውቶቡስ ተራ ብሮጥ ደስ ባለኝ። ግን ሲሚንቶው ተቦክቷል። የተቦካ ሲሚንቶ የሰው ሐዘን እስኪያልፍ አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ስለዚህ አካፋዬን አነሣሁ። እያለቀስኩ ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ እያለቀስኩ መገጣጠሚያውን ሞላሁ። አባትህም ከዘራቸውን ጥለው በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ጠጠር ያቀብሉኝ ጀመር። የመጨረሻዋን ድንጋይ አስቀምጬ ውሃ ልኩን ባየው አረፋዋ መሃል ላይ ቆማለች። እንዲህ ቀጥ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

እጄን ስታጠብ አጠገቤ መጥተው «ሚስት ሆነሽ ገባሽ፣ ከእንግዲህ ልጄ ነሽ» አሉኝ። «ቦታውን በሽማግሌ ፊት እሰጥሻለሁ። ደኅና ሰው ከመጣ እኔው እድርሻለሁ፤ ካልመጣም ከዚህ ማንም አያስወጣሽም።» ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት። እኔ ግን «ማንም አያስወጣሽም» ሲሉ በር ከውጭ ሲቀረቀር የሰማሁ መሰለኝ።

በእሳቸው አልቆጣም። ልጃቸው ያደረገውን ለመንገር አፍ ቢያጡ ድንጋይ አስደረደሩኝ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? አንተ ግን ብዕር ነበረህ። ነይ ማለት ባይሆንልህ ቅሪ ማለት ምን ከበደህ? እሷም ያው ሁለት ፊደል ናት። ቅሪ ብትለኝ በጊዜው አልቅሼ፣ በጊዜው የሄድኩበት እሄድ ነበር። አሁን ወዴት ልሂድ? እኔ ብሄድ አባትህ ማን አላቸው? ስሄድ ደግሞ የሚያዩኝን ዓይኖቻቸውን አስባለሁ። በዱላ የያዙኝ ቢሆን አመልጥ ነበር፤ በደግነት የተያዘ ሰው ግን ማምለጫ የለውም።

ትናንት ትልቅ ዝናብ ዘነበ። ወጥቼ አየሁት፤ ውሃው ዙሪያውን ሞልቶ መሠረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አባትህ «ጎበዝ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ ነው» አሉ፣ ወዲያው ደግሞ የተናገሩት ገብቷቸው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

እሑድ የእድሩ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቦታውን ትቀበያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ኸይረዲን ነገ ጠዋት ነው የሚነሣው፤ ይህን እጅህ ላይ ሲያኖርልህ እሑድ አልፏል። ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። መልስህ ቀድሞ ቢደርሰኝና ነይ የምትል ቃል ቢኖርበት፣ ያንን ሁሉ ሰምቼም የምመጣ ይመስለኛል። እሑድ ግን ሽማግሌዎቹን «እሺ፣ እቀበላለሁ» እላቸዋለሁ።

ለአባትህ ግን ጻፍላቸው። ወቀሳዬን ተወውና ለእሳቸው ጻፍ፤ ፖስታ ቤት የሚሄድ ሰው ባዩ ቁጥር ዓይናቸው ይከተለዋል። ልጁ ሲወለድም አያት መሆናቸውን ከሾፌር አፍ አይስሙት።

ሴትየዋን ማርያም በሰላም ታገላግላት። ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አንተንም በሄድክበት ሁሉ እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ።

እህትህ፣
አልጋነሽ