ለሉባባ የመሰከርሁት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ጥፋተኛው ሰይድ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ደብተሬ፣ ያዥልኝ።

ማሽላ እያበጠርሁ አስጠራኝ። ያሳደግኋት የወንድሜ ልጅ ሉባባ ለማኅበረሰብ ፖሊስነት ተመዝግባለች። ካለፈች ዓረብ አገር መሄዱን ትተዋለች። ጠባይዋን የሚመሰክር ትልቅ ሰው ተፈለገ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ ራሴ አነበብሁት፣ ጣቴን እያስከተልሁ። 12ኛ ክፍል የጨረሰ። አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል። ታጋሽ። ምስጢር ጠባቂ። ሕዝብ የሚወደው። ከሱስ የጸዳ። እሷኑ አይተው የጻፉት መሰለኝ።

ከሰው ጋር እንዴት ናት አለኝ። ነገርሁት። ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ከዱበርቲዎቹ፣ ከመራቂ ሴቶቹ ጋር ዱዓ ትቀመጣለች። ከእኛው ጋር ጫት ቅማ፣ የተጣላውን ሳታስታርቅ አታስነሳም። የጨፋ ሮቢት ሰዎችን፣ ማሽላው የተበላበትንና ባለከብቱን፣ ያስታረቀች እሷ ናት።

ሰይድ ቀና አለ። "ትቅማለች ነው የሚሉኝ፣ እማማ?"

የዱዓ ነው አልሁ። ጻፈ። ፈረምሁ። የጻፈውን ሳላይ። ለምን አላነበብሁም? ማንበብ እችል የለ!

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ያለፉት ስም ተለጠፈ። ሉባባ የለችም። የዘለልሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁ።

ጽ/ቤቱ ገባሁ። መመሪያው ሱስ ይላል አለ ሰይድ፣ ደግሞ አንቱው ራስዎ መስክረው። አንተስ ትናንት ዱዓው ላይ አጠገቤ ስትቅም አልነበር አልሁት። "እኔ አልተወዳደርሁ!" ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ሱስ ምንድን ነው? ዱዓችን ሱስ ነው? ወይስ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቅ ኖርሁ? ግራ ገባኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሉባባ አልተቆጣችም። ይሄ ይብሳል። "አብሽሪ፣ አዳዳ" አለችኝ። የአባቷ እህት ነኝና እንዲያ ነው የምትጠራኝ። ደላላውን አነጋግራለች። ልትሄድ ነው።

መዋሸት ነበረብኝ? ሐራም ነው። እውነቱ ደግሞ ልጄን ወሰደብኝ። የትኛው ይሻል ነበር? አላውቅም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አዲሱ ፖሊስ አይቅም፣ አያጨስ። ሰላምታም የለው።

ሁለት ጎረቤቶቼ በአጥር ተጣሉ። ፖሊሱ አቤቱታ በጽሑፍ አምጡ ብሏቸው እኔ ደጅ መጡ። ሉባባን ጥሪልን። ልጅቱ ሻንጣ እያሰረች! ትታ ወጣች። መሀላቸው ቁጭ አለች። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰች። እየሳቁ ሄዱ።

ሰይድ ከኋላ ቆሞ ያይ ኖሯል። ማሻአላህ አለ፣ እኛን የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ምን ዓይነት ሰው ነው? ወላሂ የምሩን ነበር የሚናገረው።

ቅዳሜ ትሄዳለች። ነገ ሐሙስ ነው። ሰይድ ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ እጁን ዘርግቶ መርቁኝ ይላል። ሌሎቹ ይመርቁት። እኔ ከእንግዲህ ለሰይድ አሚን አልልም።