ለቅመም የጨመርኩላት ዕድሜ

ይድረስ ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ላልራቅሽው ለእህቴ ለእታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ደረጃውን ስትወጪ ስትወርጂ የሚይዝሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንዳንጨነቅ ብለሽ እየደበቅሽን ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? በልተሽ ትጠግቢያለሽ? የምትጠብቂያቸው ልጆችስ አደብ ገዙ ወይስ ዛሬም ፀጉርሽን ይጎትታሉ? እኛ ደኅና ነን። ቤቱ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጭር ብሎብናል፤ እማዬ እስካሁን ሻይ ስትቀዳ ሦስት ብርጭቆ ታወጣና አንዱን መልሳ ታስቀምጣለች።

የእማዬ የግራ ዓይን ሞራ እየጨመረ ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት እኔን ትጠራኛለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኮራረፍ ለማየት ግን ዓይኗ አንድም አልጎደለው። እኔም ያው ብረት ብየዳው ላይ ነኝ። አለቃችን ጋሽ መዶሻ እንደ ስማቸው ናቸው፤ አንዴ የተናገሩትን ሚስማር እስኪሰምጥ ድረስ ይደጋግሙታል። ይህን ስም ያወጣንላቸው እኛ ሠራተኞቹ መሆናችንን እስካሁን አላወቁም፤ እንዳትነግሪብኝ።

ወሬ ያበዛሁት ዋናው ጉዳይ ጋ ላለመድረስ መሆኑ ሳይገባሽ አልቀረም። ጉዳዩ የውሻሽ የቅመም ነው። አለች፣ ደኅና ናት፤ መጀመሪያ ይህን ስሚኝና ልብሽ ይረፍ። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ያህል ብትቆጪኝ እውነት አለሽ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅመም ለመጀመሪያ ጊዜ ደም አየች። ወንድ የምትፈልግበት ወራት መምጣቱ ነው። ወሬውን ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ በራችን ላይ ሰርገኛ ሆኖ አደረ። አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ጆሮ ቆራጣ፣ አንዱ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፤ ሁሉም ተስፋ አለው። እማዬ በመጥረጊያ ስታባርራቸው ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አላየሁትም። «ልጄ ደርሳለች» አለች። ደጋግማ አለችው። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ቡችሎች እግሯ ሥር ሲንከባለሉ ማየት ፈለገች። እኔም አላስቻለኝምና «ታያለሽ» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን ይዛ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

በማግስቱ ይህንኑ ሥራ ቦታ ቀባጠርኩ። የጋሽ መዶሻን ወንድ ውሻ ታስታውሽዋለሽ፣ ጥጃ የሚያክለውን። «እንግዲያው ከእኔው ጋር ትገናኝ፤ አንድ ወንድ ቡችላ የእኔ ነው» አሉ። እሺ አልኩ። የእሳቸው አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው፤ የታዘዘ በር ካለ መጀመሪያ በቁመቱ በወርዱ ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይስሉታል። ሥራው አልቆ እስኪወጣ ድረስ ሥዕሉን የሚረግጥ ሰው የለም። ያን ዕለት ከአንድ ትልቅ በርና ከሁለት መስኮት ጎን የውሻ ቤት ሳሉ። በሩ ጠባብ፣ ጣሪያው ዘንበል ያለ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያልተወለደ ቡችላ ቤት እንዳልረግጥ እየዘለልኩ ስበይድ ሰነበትኩ።

አንቺ የጻፍሽልኝን ረስቼው አይደለም። የመጀመሪያውን ጊዜ እለፏት፣ ሰውነቷ ይጥና፣ ሐኪም ሳያያት እንዳታገናኟት፣ ቡችሎቹን የሚወስድ ደኅና ሰው አስቀድማችሁ አግኙ ብለሽኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ ከቃልሽ መካከል የሚመቸኝን መረጥኩ። በሐኪም ታይታለች ብዬ እንድጽፍልሽ ብቻ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰድኳት።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዕድሜዋን ነው። መቼም የቤታችንን ጠባይ ታውቂዋለሽ፤ እኛ ቤት ዕድሜ እንደ መጋረጃ ነው፣ እንደ መስኮቱ ይቆረጣል። እማዬ የራሷን ለጎረቤት ትቀንሳለች፣ ሰልፍ ላይ ቅድሚያ ስትፈልግ ትጨምራለች። እኔን ትምህርት ቤት ለማስገባት ዓመት ጨመረችልኝ፤ የሰፈር ኳስ ቡድን ለመግባት ደግሞ እኔው መልሼ ቀነስኩት። አንቺንም ወደ ውጭ የላከሽ ደላላ ፊት ሃያ ሦስት አደረገችሽ። እናም ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ምላሴ ሳያማክረኝ ቀደመ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ደም ስታይም ይኸው ሦስተኛዋ ነው» አልኳት። አንቺ ስትሄጂ ገና ጡት የጣለችውን፣ ዓመት እንኳ ያልሞላትን።

ሐኪሟ ጥርሷን አየች፣ ዳሌዋን ዳበሰች፣ ልቧን አዳመጠች። «ለዕድሜዋ ከሳ ብላለች፣ ቀለቧን ጨምሩላት። አንተ እንዳልከው ከሆነ ግን ችግር አይታየኝም» አለች። ደስ እያለኝ ወጣሁ። የራሴን ውሸት ሰጥቻት የሐኪም ፈቃድ አድርጋ መለሰችልኝ፤ እኔም እውነት እንደሆነ ሁሉ ተቀበልኩት።

ቅዳሜ ጋሽ መዶሻ ውሻቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቦታው ጓሮ መጡ። ቅመም ስታየው ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። የፊት እግሮቿን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ቂጧን ሰቅላ፣ ና እንጫወት አለችው። የተቀደደ ጓንት አምጥታ ፊቱ ጣለችለት። ሲወጣባት ግን ጮኸች፤ ያን ጩኸት አልረሳውም። እየሮጠች መጥታ እግሮቼ መካከል ተወሸቀች። ጋሽ መዶሻ «ያዛት፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲህ ነው፤ ያዛት እንጂ» ይሉኛል። እታለም፣ ያዝኳት። ማጅራቷን በዚህ በምጽፍበት እጄ ያዝኳት። ብትነክሰኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እየተንቀጠቀጠች እጄን ላሰችኝ፤ ከሰውየውና ከውሻው የማስጥላት መስሏታል።

አንጀቴን በላችው። ለቀቅኳትና «ጋሼ ይቅር፣ አልደረሰችም» አልኳቸው። «ሐኪም ፈቅዷል አላልክም?» አሉኝ። ዋሽቼ ነው አልኩ፤ ፊቴ እሳት ሆኖ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ያሉኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ድንበር የሚሻገር ነው። ከጨረሱ በኋላ ግን የሳሉትን የውሻ ቤት በገዛ ጫማቸው ፈትገው አጠፉት። ውሻቸውንም ይዘው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ተመለስኩና እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ውሻዬ ምን እንደበላች የሚዋሸኝ ሞልቷል፤ ልደቷን የሚዋሸኝ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አለች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። የቅመም አጥንት ገና እያደገ ነው፣ ብታረግዝ ለራሷ ማደጊያ የሚሆናትን ለቡችሎቹ ትሰጥ ነበር፣ ምጡም ሊገድላት ይችል ነበር አለችኝ። ደም ማየቷ መጀመሯን ያሳያል እንጂ መጨረሷን አያሳይም። ሁለት ዓመቷ ይድረስ፣ ሁለተኛው ወራቷም ይለፍ፣ ሰውነቷ ይሙላ፣ ያኔ ወገቧንና ዳሌዋን በደንብ መርምሬ እነግርሃለሁ፤ ምናልባትም በጭራሽ አትውለድ ልልህ እችላለሁ፣ እሱንም ትቀበላለህ አለችኝ። ቡችሎቹን የሚወስድ ሰው የምትፈልገውም ያኔ ነው፣ ቃል የምትሰጠውም ያኔ ነው አለች። አንቺ ከጻፍሽልኝ የተለየ ነገር አልነገረችኝም። እስከዚያው ቅመም ጓዳ ውስጥ ተዘግቶባታል፤ ወደ ደጅ የምትወጣው በገመድ ታስራ ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ሰርገኞቹም ተስፋ ቆርጠው አንድ በአንድ እየተበተኑ ነው።

ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «ሐኪም ምን ያውቃል? እኔስ ስዳር ከእሷ በምን እበልጥ ነበር? ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ» ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ሐኪሟ ያለችውን እንዳለ ደገምኩላት፤ መጀመሯን እንጂ መጨረሷን አያሳይም አልኳት። ተነሥታ ጓዳ ገባችና ወለሉ ላይ ቅመም አጠገብ ተቀመጠች። ቆዳዋን በጣቷ እየዳበሰች የጎድን አጥንቷን ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እታለም ስትሄድ ስንት ዓመቷ ነበር አለችኝ። ታውቂው የለም እንዴ አልኳት። የደላላውን አይደለም፣ እውነተኛውን ንገረኝ አለች። አሥራ ሰባት አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅመምን ደርሳለች ብላ አታውቅም። ጎረቤት ስለ ቡችሎቹ ሲጠይቃት ልጅ ናት ትላለች። እኔ ግን እጄን ባየሁ ቁጥር እንቅልፌ ይሸሻል። አምና ቅመምን ታቅፈሽ ስትሰጪኝ «አደራ» ነበር ያልሽኝ፤ አደራሽን ማጅራቷን ይዤ ላስረክብ ነበር። ይቅር በይኝ። ቶሎ ባትችዪም ይቅር በይኝ።

ጋሽ መዶሻ ኩርፊያቸው ባይለቃቸውም ሰላም በላት ብለውኛል። ሁለተኛም አሉኝ፣ ሦስተኛም። ጎረቤቶቻችን በሙሉ እንደየስማቸው ሰላም ይሉሻል። ቅመም አሁን እግሬ ሥር ተኝታ በሕልሟ እየሮጠች ነው፤ የእሷንም ሰላምታ እኔው ጻፍኩልሽ።

እማዬ ሰላምታዋን ለመጨረሻ አቆይልኝ ብላኝ ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ፣ የምትለውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድጽፍ አስምላኛለች። «ልጄ ሆይ፣ ወገብሽ እንዴት ነው? ዕቃ ብቻሽን አታንሺ። ደርሳለች ብዬ የላክሁሽ እኔ ነኝ። አልደረስሽም ነበር። አውቅ ነበር» ትልሻለች።

ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከጓዳው ደጃፍ
ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ