«ሳቅ» የሚለው ገጽ

ይታይሽ ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። በሞት ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። በራችን ላይ ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የመስኮታችን መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ጌሾሽ ለምልሟል። ልጃችን ህሊና ወደ ቢቸና ተዛውራ ከእኔ ጋር ናት። ወንበሮቹን ሁሉ ቦታ አዛውራብኝ እስካሁን እየተደናቀፍሁ ነው።

መጽሐፍሽ ግን አልታተመም። የያዝሁት እኔ ነኝ። ልብ ወለድ ለሚጽፉ ልጆች ማጣቀሻ እንዲሆን የሰውን መልክ፣ ድምፅ፣ አረማመድ፣ የዝናቡን ዓይነት ሳይቀር በየርእሱ የገለጽሽበትን ያን ሁሉ ገጽ ቃል በቃል አረምሁት። «ሳቅ» ላይ ስደርስ ቆምሁ።

ሳቁ የመምህር ታከለ ነው። አልደበቅሽኝም፤ ሞጣ ስታስተምሪ ክፍሎቻችሁ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ቅዳሜ ወደ ቤት ስትመጪም የእሱን ሳቅ እያስመሰልሽ ታስቂን ነበር። እንዲህ ብለሻል፦ «መጀመሪያ ትከሻው ይስቃል። ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስም ባለቤቱ ራሱ ማነው ብሎ ዞር የሚል ይመስላል።» ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። አረማመዴን ፈለግሁ፣ እጄን ፈለግሁ፣ ሳሌን እንኳ ፈለግሁ። የጎረቤታችን በቅሎ አለች፤ እኔ የለሁም።

ልሰርዘው ቀይ እስክሪብቶ ሳነሣ ህሊና አየችኝ።

«አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ በሰው ሳቅ ትቀናለህ?»

«አልቀናሁም። የተጋነነ ነው።»

«እንግዲያ አረጋግጣ! ስንቱን ተማሪ ሳታረጋግጥ አትጻፍ ስትል አልነበር?»

ለመምህር ታከለ ደውዬ ምሳ ጠራሁት። ቅቤ ይዞ በሚኒባስ መጣ። ምሳ በላን፣ ስለ ጡረታና ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን። የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ጨረስሁ፤ እሱ ፈገግ ከማለት አላለፈም። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ያልተረጋገጠ ነገር መጽሐፍ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ በእሱ ሳቅ ቦታ ላስገባው ያሰብሁትን፣ እኔ የጻፍሁትን ገለጻ አነበብሁለት። ሕግሽን አልረሳሁም፤ ስም ሳይጠራ ተነብቦ ሰሚው ማን እንደሆነ ካላወቀ ገለጻው ይጣላል። «ከመሳቋ በፊት በእጇ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ጭልፋ ቢሆን ጭልፋ፣ ጠመኔ ቢሆን ጠመኔ...» እያልሁ ሳልጨርስ፣

«ይታይሽ!» አለ። «ጠመኔውን እኮ ጠርዝ ላይ እያስቀመጠችው ሁልጊዜ ይወድቅባት ነበር! ተማሪው ሁሉ ለቀማ!»

ጠመኔን በግምት ጨመርሁት እንጂ መውደቁን እኔ አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሬሽ ኖሬ፣ ክፍል ውስጥ ስትስቂ አንድ ቀን አላየሁሽም።

ቀና ብዬ ሳየው ትከሻው ጀምሯል። ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ሲመጣም እሱ ራሱ ደነገጠና ዞር አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከጻፍሽው አንዲት ቃል የምትነሣ አጣሁ።

ስለዚህ አልሰረዝሁትም። ነገ ህሊና ጽሑፉን ወደ ማተሚያ ቤት ትወስደዋለች። «ሳቅ» በሚለው ርእስ ሥር ሁለታችሁም አላችሁ። ያንቺን ከላይ፣ የእሱን ከታች አድርጌአለሁ፤ ይህን ያህልማ ይፈቀድልኝ።

ከእንግዲህ የማያውቅሽ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ስትስቂ ያይሻል። ይህም ትንሽ ያስቀናኛል። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ሳልገልጥም አይሻለሁ።

ባለቤትሽ