የወተትና የክኒን ደብተር

ማክሰኞ ረፋድ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለልጄ፣ ለዶክተሯ፤

ደህና ነኝ። እንዳትጨነቂ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን በማስመሪያ ያሰመርኩት ደግሞ ፊደሌ እየቆየ ስለሚያንስ ነው፤ መስመር ሲያይ ይታዘዛል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ዓመት የደከምሽበት ሙከራ አልሠራም፤ መድኃኒት የሰጠሻቸው የአንጎል ሴሎች ካልሰጠሻቸው እኩል ሞቱ፤ ቤተ ሙከራውን ትተሽ ሌላ ሥራ ልትፈልጊ ነው። «አባባ፣ አልደረስኩልዎትም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አልወደድኳትም።

ወደ እሷ ከመመለሴ በፊት የደበቅሁሽን ልንገርሽ። በሐምሌ ወድቄ ነበር።

ለእጄ መንቀጥቀጥ የታዘዘልኝን ክኒን ከወተት ጋር እንዳልውጥ ስትነግሪኝ «ወተትን ከአንጎል ምን አገናኘው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። በወተት ማወራረዴን ቀጠልኩ። እጄ እስከ እኩለ ቀን እምቢ ይለኝ ነበር፤ ብየዳው ሽቦው ላይ አይቀመጥልኝም ነበር። አንድ ጠዋት ንዴቴ መጣና ወተቱን ተውኩ፤ በዚያው ክኒኑን በገዛ ሥልጣኔ ሁለት አደረግሁት። እጄ ቀጥ አለ። ከወንበሬ ብድግ ስል ግን ዓለም ዞረብኝና ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሮጣ መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ብሎን ጠፍቶኝ እየፈለግሁ ነው።»

«በጀርባ ተተኝቶ?»

አፏ መቀስ ነው። ደግፋ አነሣችኝና «አሁኑኑ ለልጅዎ እደውላለሁ» አለች።

«ከደወልሽ ያንን የስፌት ማሽን ሞተርሽን ሁለተኛ አልነካልሽም» አልኳት። ስለዚህ አትቀየሚያት።

ስወድቅ የተጎዳው ክንዴ ድኗል። የከነከነኝ ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ፣ ዝም ያለ ራዲዮ ውስጥ ሁለት ዕቃ ባንዴ ቀየርሽና ራዲዮው ተናገረ። እየዘለልሽ «አዳንኩት!» ስትይ «የትኛው ነው ያዳነው?» አልኩሽ። አላወቅሽም። ሁለቱንም አስነቅዬ፣ እያለቀስሽ፣ አንድ በአንድ አስጀመርኩሽ። ያን ያደረግሁ ሰውዬ በገዛ ገላዬ ላይ ሁለት ነገር ባንዴ ለወጥኩ።

እኔም እንደገና ጀመርኩ። ክኒኑን ሐኪሙ ወዳዘዘው መለስኩት። አሥራ አራት ቀን በወተት፣ አሥራ አራት ቀን በውሃ። ከዋጥኩበት ሰዓት አንሥቶ መፍቻዬን ትንሿ ብሎን ላይ ሳልስት እስካሳርፍ ያለውን ደቂቃ በደብተር ጻፍኩ። በወተት ሰማንያ፣ ዘጠና፣ አንድ ቀን ከናካቴው እምቢ። በውሃ አርባ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። ልክ ነበርሽ። ይህን ከእኔ አፍ ሰምተሽ ስለማታውቂ ቀኑን መዝግቢው።

የላክሽልኝንም ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ታገልኩት። የወተቱ ፕሮቲን ክኒኑን ወደ ደምና ወደ አንጎል መግቢያው ላይ እንደሚጋፋው ገባኝ። ለእጅ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ዶፓሚን የሚሠሩት የአንጎል ሴሎች እጅ ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት በጸጥታ መሞት እንደሚጀምሩም፣ የሞቱት እንደማይመለሱም ገባኝ። እኔ ስሌት አውቃለሁ። የእኔን ለእኔ ተይው።

አሁን ስለ አንቺ። ሙከራሽ አልወደቀም። አንድ ዕቃ ፈትሸሽ ብልሽቱ እሱ ጋ አለመሆኑን አወቅሽ። እኔ በዚህ የተነሣ የራዲዮ ሣጥን ዘግቼ አላውቅም፤ ወደሚቀጥለው ዕቃ ነው የማልፈው።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ በዕድሜ ካንቺ ብዙ የማትበልጥ አስተማሪ ከጎኔ ትቀመጣለች። ጠመኔ ከእጇ መውደቅ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ስለ ሥራሽ ነገርኳት።

«ልጅዎ መቼ ትጨርሳለች?» አለችኝ።

«መቼ እንደሆነ አላውቅም። የጀመረችውን ግን አትተውም» አልኳት።

ከብሎኗ በቀር ዋሽቼ አላውቅም። እንዳታስዋሺኝ።

ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ሳይንስ አይባልም ትይ ይሆናል። ግን አንድ በአንድ ነው የተለካው።

እጅሽ ይጽና። የተዘጋብሽ ሁሉ ይከፈትልሽ። ሳትበዪ አትሥሪ።

አባትሽ፣
ራዲዮ ጠጋኙ

እዚህ ታች ፊደሌ ካነሰብሽ አጉሊ መነጽር ያዢ። ያሰመርኩት መስመር አልቆብኝ ነው፤ ሌላ አይደለም።