ስምንት ጃኬት፣ ሃያ ሰው

ጥር 19
ሰፈሬ ሹም አቦ መብራት የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበርን ዳታቤዝ ጀመርሁ። መንገደኛ ወደብ ሳይወርድ በዌብሳይት ጀልባ እንዲይዝ ነው። ሦስት ሠንጠረዥ፦ ጀልባ፣ ባለቤት፣ ጉዞ። ቀላል ሥራ...

ጥር 22
ሊቀመንበሩ ጋሽ ገድሉ በሰጡኝ ዝርዝር ሁሉም ጀልባ «ሃያ ሰው» ይላል። ትንሹም ትልቁም? ወደብ ወርጄ አንድ በአንድ እየገባሁ ቆጠርሁ። የራሳቸው የጋሽ ገድሉ ጀልባ መቀመጫው ሃያ፣ ሕይወት አድን ጃኬቱ ስምንት።

ጥር 23
አንድ አምድ ጨመርሁ፦ ጃኬት። ከጃኬቱ በላይ ሰው ሲመዘገብ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። ማን አዘዘሽ? ማንም።

ጥር 25
ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ፣ ቤተሰቦቼ ጋ። የአባም ጀልባ ማኅበሩ ውስጥ አለች። በእጃቸው ነው የሠሯት። ጃኬቷ አራት።
«የኔንም አራት ብለሽ ልትጽፊ?»
«አዎ አባ።»
«ሠላሳ ዓመት ጣናን ስመላለስበት ማን ሰጠመብኝ?»
«ማንም።»
«ታዲያ?»
አራት ብዬ ጻፍሁ። ምሳ ላይ ፊታቸውን አዞሩብኝ። እማ ዓሣውን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

የካቲት 2
ለጋሽ ገድሉ ሥራውን አሳየሁ። መጀመሪያ ሳቁ።
«ሐፍሳ ልጄ፣ ይቺን የጃኬት ነገር አጥፊልኝ።»
«አላጠፋም።»
«ጀልባው የኛ፣ ዌብሳይቱ የኛ!»
«ሰዎቹስ የማን ናቸው?»
ሳቁ ቆመ። ባለሙያ ሞልቷል፣ አሉኝ። ይሙላ! የይለፍ ቃሉን አስረክቤ ወጣሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም... መሰለኝ።

የካቲት 11
ሌላ ሰው አምጥተው የጃኬቱን ደንብ አስወጥተውታል። ዌብሳይቱን ከፍቼ አየሁ። ለኪዳነ ምሕረት በዓል ወደ ዘጌ፣ የጋሽ ገድሉ ጀልባ፣ ሃያ ሰው፣ ሞልቷል። ምን አገባኝ? ሥራው ከእጄ ወጥቷል...
አገባኝ።

የካቲት 16
በጠዋት ወደብ ሄድሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ ሃያ የጽዋ ማኅበር እናቶች ለመሳፈር ተሰልፈዋል።
«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉ ጋሽ ገድሉ።
ለሳቸው አልመለስሁም። ወደ ሴቶቹ ዞርሁ። «እናቶቼ፣ እዚህ ጀልባ ላይ ያለው ጃኬት ስምንት ነው። ራሴ ቆጥሬዋለሁ።»
«ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ! ምን ታስፈራሪያቸዋለሽ?» አሉ ጋሽ ገድሉ።
ከጀልባው ሠራተኞች አንዱ ጎረምሳ ሒጃቤን አየና «የኛ በዓል አንቺን ምን አገባሽ?» አለኝ። ንቅንቅ አላልሁም።
የእናቶቹ መሪ፣ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ እማሆይ ፅጌ ማርያም ናቸው። «አንተ ዝም በል!» አሉት። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ገድሉ፣ እውነት ነው? ስምንት ነው?»
ጋሽ ገድሉ ሐይቁን አዩ።
«እንግዲያው ስምንት ስምንት ሆነን እንሄዳለን። ቅዳሴ ካመለጠን የምንወቅሰው አንተን ነው» አሉ እማሆይ።
ጀልባው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የመጨረሻዎቹ አራት እስኪሳፈሩ እዚያው ቆምሁ። ማንም አላመሰገነኝም። ይቅር።

የካቲት 20
አበራ ደወለ፤ እሱም ባለጀልባ ነው። «ምን አደረግሽን? መንገደኛው ሁሉ እግሩን ሳያነሳ ጃኬቱ ስንት ነው ይላል!» ባለጀልባዎቹ ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው አለ። ሄድሁ።
«ደንቡ ይመለሳል» አልኋቸው። «ለሁሉም፣ ለሊቀመንበሩም። ጃኬት የምቆጥረው እኔ ነኝ። ካልሆነ አልመለስም።»
ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። አባ! ከቁንዝላ መምጣታቸውን አላወቅሁም።
«የኔ አራት ነው። አራት ይባል።»
ከዚያ በኋላ እጃቸውን ያላወጡት ጋሽ ገድሉ ብቻ ነበሩ።

መጋቢት 9
ዌብሳይቱ ከነደንቡ እንደገና ከተከፈተ ሳምንቱ። ዛሬ ጋሽ ገድሉ ደወሉ።
«ሐፍሳ፣ ለአሥራ ሁለት ዘመዶቼ የገዛ ጀልባዬን ልይዝ ብል እምቢ አለኝ። ተበላሽቷል እንዴ?»
«አልተበላሸም ጋሼ።»
«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»
«አሥራ ሁለት ናቸዋ!»
«እሺ... ስምንት ብለሽ ያዢልኝ።»
ስምንት ብዬ አስገባሁ። ተቀበለ።