ጀግናው የቆለፈው በር

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽ በብርዱ ተነሳብሽ ወይስ ዘንድሮ ተወሽ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? መንትዮቹስ ዛሬም ይደባደባሉ? እኔ ከጨርቅና ከመርፌ ጋር እየታገልኩ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። ደህና የሆነው ግን ወንድምሽ በነገረሽ መንገድ አይደለም፤ ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ወንድማችን እባብ ገድሎ አባባን ከሞት አተረፈው፣ ስለዚህ አባባን እስከ እሁድ ወደ ቤቱ መልሺው፣ እሱንም አትነዝንዢው ብለሻል። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አንጀቴ አረረ። ጀግና! እስቲ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በኋላ። አባባ ግራ ጎኑ እንቢ ካለው ወዲህ ሰው ካልደገፈው ከአልጋው አይወርድም። ወንድምሽ ሳሎን ተጋድሞ ኳስ ያያል። እባቡ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ወደ አባባ ክፍል ሲያልፍ አየው። በመደንገጡ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እጮሃለሁ። ነገር ግን እትዬ፣ ያ ደረተ ሰፊ ወንድምሽ ቴሌቪዥኑን ከነገመዱ ነቅሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እግሬ አውጪኝ አለ! ይህም አልበቃው፤ እባቡ እንዳይከተለው በሩን ከውጭ ቆለፈ። አባባ ውስጥ ነበር።

እኔ ስፌት ቤት የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መጥታ ቤታችሁ እባብ ገብቷል ስትለኝ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ በረርኩ። ስደርስ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ወንድምሽ ቴሌቪዥኑን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ መሃል ቆሞ፣ የእባቡን ርዝመት በክንዱ እየለካ ያወራል። ባወራ ቁጥር እባቡ አንድ ክንድ ይጨምራል። አባባስ? አልኩት። "እ?" አለኝ። አንቺን ይንሳኝ፣ "እ?" ነው ያለኝ! ረስቶታል። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን አምጣ ብለው ኪሱን በእጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ከከፈትሽው ይወጣብናል፣ የሚያውቅ ሰው ተጠርቷል፣ ታገሺ አለኝ። ታገሺ! ሐሞተ ቢስ።

ዞሬ የአባባን መስኮት በጫማዬ ሰብሬ ገባሁ። መስታወቱ ክንዴን ጫረኝ፣ አሁን ድኗል። አባባ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። በደህና እጁ ብቻ ወደ ቁም ሳጥኑ ሥር ጠቆመኝ። እባቡ ከነጠላ ጫማው አጠገብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደፋሁበትና አባባ ሰዓት ሲጠግን የሚጠቀምበትን የብረት ሳጥን ላዩ ላይ ጫንኩበት። ያን ጊዜ መሬት ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

የተጠራው የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ነበር። ሳፋውን ከፈት አድርጎ አየና ሳቀ። አይጥ የሚበላ፣ መርዝ የሌለው ነው ብሎ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው፤ ወንድምሽ ዱላ ይዞ ብቅ አለ! እግሩን ጆንያው ላይ ሰቅሎ ፎቶ ተነሳ። የላከልሽ እሱን ነው። እስቲ ደግመሽ እዪው፤ ከጆንያው ጥግ የአትክልተኛው እጅ ይታያል፣ ጀግናው እንዳይደነግጥ አጥብቆ ይዞለት ነው። የተገደለ እባብ የለም። ሰውየው ወንዝ ዳር ወስዶ ለቆታል።

በዚያው ዕለት አባባን በዳቦ ቤቱ ጋሪ ወደ እኔ አመጣሁት። አሁን መልሺ መልሺ የሚለው አባቱ ናፍቆት እንዳይመስልሽ። ሰፈሩ ስለሚስቅበት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የውሃ ጎማ ባየ ቁጥር ይዘላል አሉ። ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቆልፈህ ውጣ ያለኝ ራሱ አባባ ነው ይላል። አባባን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለእህትሽም እንደዚያው ጻፊ፣ ልጄን አታዋርጂብኝ አለኝ። ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። አባባ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ ለዚያ ሰው ብሎ መዋሸቱ ከእባቡ ይልቅ አመመኝ። ይኸው ያለኝንም ጻፍኩልሽ፣ ያየሁትንም ጻፍኩልሽ።

ክፍሌ ጠባብ ናት፣ አልዋሽሽም። የጨርቁ ብናኝ ያስነጥሰዋል፤ የስፌት መኪናዬም ቀን አታስተኛውም። አንቺ ታላቃችን ነሽ፣ አባባ ከቃልሽ አይወጣም፤ እኔም አልወጣም። እሁድ ከመድረሱ በፊት አንድ ቃል ስደጂልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ለሳሉ ትኩስ ነገር ይጠጣ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እጅ ነስታለች። ወንድምሽ ሰላም በይልኝ አላለም፤ ቢልም አልጽፍለትም።

አባባ ሰላም ብሎሻል። ለደንበኛ ልብስ ላደርስ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለምነኛል፤ በሩን አትዝጊው ይለኛል። ብርድ ይገባብሃል እኮ ስለው፣ ይግባ ይላል።

ታናሽሽ
ከስፌት ቤቱ የኋላ ክፍል
ሰኔ 4 ቀን